እግርም የሚማርበት ቀዶ ሕክምና፦ የማዱራይ ማስታወሻ

ቅዳሜ ማታ፣ ቦሌ

ሦስት የዓይን ሐኪሞች ነን። ሦስታችንም በክልል ከተሞች፣ በመንግሥት ሆስፒታል እንሠራለን። የዓይን ሞራ ስንሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። አሁን ወደ ደቡብ ሕንድ፣ ወደ ማዱራይ ከተማ የምንሄደው እንደገና ተማሪ ለመሆን ነው። ፋኮ ልንማር።

ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። የዓይን ሞራ የሚባለው በዓይናችን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ሲደፈርስ ነው። በጠብታ አይጠራም፤ መነጽርም አያድነውም። መፍትሔው የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ብቻ ነው። በአገራችን በብዛት የሚሠራው በእጅ ነው። ነጩ የዓይን ክፍል ላይ ከ6 እስከ 7 ሚሊ ሜትር የሚሆን መሿለኪያ ይከፈታል። የደነደነው ሌንስ ሳይሰበር በዚያ ይወጣል። መሿለኪያው በራሱ ስለሚገጥም አብዛኛውን ጊዜ ስፌት አይፈልግም። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ ውድ ማሽን አይጠይቅም።

ፋኮ ሌላ ነው። ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በዚያች ቀዳዳ ቀጭን ባዶ ጫፍ ይገባል። ጫፉ በአልትራሳውንድ ኃይል በሰከንድ 40,000 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል። ሌንሱን እዚያው ዓይን ውስጥ ይሰባብረዋል፣ ወዲያው ይመጥጠዋል። ተተኪው ሌንስ ተጣጥፎ ይገባና ውስጥ ይዘረጋል።

"በእጅ የሚሠራው እንዲህ ጥሩ ከሆነ ታዲያ ምን አስኬዳችሁ?" ያለኝ ወንድሜ ነው፣ ሊሸኘኝ ቦሌ መጥቶ። ጥያቄው ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 ከመቶው ማየት የተሳነው መሆኑን አሳይቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ለእነሱ በእጅ የሚሠራው በሚገባ ይበቃል። ዛሬ ግን ወደ እኛ የሚመጣው ጭራሽ የጨለመበት ሰው ብቻ አይደለም። ማታ የመኪና መብራት እየተበተነበት የተቸገረ ሹፌር ይመጣል። የተማሪዎቿን ደብተር ማረም ያቃታት መምህርት ትመጣለች። ስኳር ያለበት፣ ገና ሃምሳ ዓመት ያልሞላው ነጋዴ ይመጣል። የእነዚህ ሰዎች ሌንስ ገና ለስላሳ ነው። ብዙ ቦታ የሚሰጣቸው መልስ "ገና አልበሰለም፣ ሲበስል ተመለሱ" የሚል ነው። ሥራህን እስክታጣ ጠብቅ እንደማለት ነው። ይህ መልስ ከድሮው ቀዶ ሕክምና የተረፈ ልማድ ነው። ፋኮ የሚቀለው ሌንሱ ሳይደነድን ነው። አዲስ አበባ የግል ክሊኒኮች ይሠሩታል። ዋጋውን ግን መምህርቷ አትችለውም። ለወንድሜ የነገርኩት ይህንን ነው።

እሑድ፣ ቼናይ

ከአውሮፕላኑ ስንወርድ ሙቀቱ ፊት ላይ ተለጠፈ። ገና የካቲት ነው። ቀኑን በእንቅልፍ አሳለፍነው። ማታ ከኤግሞር ጣቢያ የማዱራዩን ባቡር ያዝን። መንገዱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አልጋው በሦስት ደርብ የተሠራ ነው። እኔ የላይኛው ደረሰኝ። ከታች አንድ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር ነበሩ። ከየት እንደመጣን ጠየቁን። "ኢትዮጵያ" ስንላቸው ፊታቸው በራ። አጎታቸው በንጉሡ ዘመን እኛ አገር አስተማሪ እንደነበሩ ነገሩን። እኔንም ሒሳብ ያስተማሩኝ ሕንዳዊ ነበሩ። ጠመኔያቸውን በመሐረብ ጠቅልለው የሚይዙ፣ ጥብቅ ሰው። እዚያ ባቡር ላይ እሳቸውን በምስጋና አስታወስኳቸው።

ሰኞ፣ ማዱራይ

ማዱራይ ሲነጋ ደረስን። ከጣቢያው ሆስፒታሉ ወዳለበት ሰፈር፣ ወደ አና ናጋር፣ በባጃጅ ሄድን። የቫይጋይን ወንዝ ተሻገርን። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛው አሸዋ ነበር። መንገዱ ዳር ሴቶች የጃስሚን አበባ በክር እየሰኩ ይሸጣሉ። በየሴቱ ፀጉር ላይ ያ አበባ አለ።

የምንሠለጥንበት የአራቪንድ የዓይን ሆስፒታል ታሪክ ለማንኛውም የዓይን ሐኪም እንግዳ አይደለም። መሥራቹ ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ናቸው። ወጣት ሳሉ በመገጣጠሚያ ቁርጥማት (ሩማቶይድ አርትራይተስ) ምክንያት ጣቶቻቸው ተጣመሙ። ብዕር መያዝ እንኳ ያቃታቸው ጊዜ ነበር። በዚያው እጅ የቀዶ ሕክምና ምላጭ መያዝ ራሳቸውን አስለመዱ። በሕይወት ዘመናቸው ከ100,000 በላይ ቀዶ ሕክምና ሠርተዋል። ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በ11 አልጋ ጀመሩ። የሚከፍለው ታካሚ ለማይከፍለው እንዲተርፍ አድርገው አዋቀሩት። ዛሬ በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት የዓይን ሕክምና ተቋማት አንዱ ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2006 አርፈዋል።

ይህን ሁሉ አንብቤያለሁ። ያላነበብኩት ሰልፉን ነው። ገና ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግቢው ሞልቷል። ግን ማንም አይጮህም፤ ማንም "ተራዬን ተቀማሁ" አይልም። በየደረጃው ሳሪ የለበሰች ሲስተር አለች። አንዷ ካርድ ታወጣለች፣ አንዷ እይታ ትለካለች፣ አንዷ የዓይን ግፊት። ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ የሚቀረው ውሳኔው ብቻ ነው። እነዚህ ሲስተሮች በአብዛኛው የገጠር ልጆች ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው ይቀጠራሉ፣ ሁለት ዓመት ይሠለጥናሉ። በእኔ ግምት የሆስፒታሉ ምሰሶ እነሱ ናቸው።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ቆመን አየን። መንካት የለም።

ኦፕሬሽን ክፍሉ ውስጥ ለአንድ ሐኪም ሁለት ጠረጴዛ ጎን ለጎን ተዘርግቷል። አንዱ ታካሚ እየተሠራ ሌላው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ዓይኑ ታጥቦ፣ ተሸፍኖ፣ ማደንዘዣው ይዞት። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ሲጨርስ ማይክሮስኮፑን ወደ ሁለተኛው ያዞረዋል። በእጅ የሚሠራውን እዚህ ያሉ አንጋፎች በአምስት ደቂቃ ገደማ ይጨርሱታል። የሚጣደፍ ሰው ግን አላየሁም። ጊዜው የተገኘው በመካከል የሚባክን ደቂቃ ባለመኖሩ ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፋኮው ክፍል ተሻገርን። አሰልጣኛችን በአርባዎቹ አጋማሽ ያለች ሐኪም ናት። ሁሉም "ማዳም" ይላታል። እኛም ማዳም አልናት። መጀመሪያ የነገረችን ይህን ነው፦ "እጃችሁን አትመልከቱ፤ እጃችሁ ያውቃል። እግሬን ተመልከቱ።"

እውነቷን ነው። በእጅ ስንሠራ እግራችን ሥራ የለውም ማለት ይቻላል። በፋኮ ግራ እግር ማይክሮስኮፑን ያዛል፦ ማጉላት፣ ማጥራት፣ ወደ ጎን መሳብ። ቀኝ እግር የማሽኑ ፔዳል ላይ ነው። ፔዳሉ ሦስት እርከን አለው። ትንሽ ሲረገጥ ውኃ ወደ ዓይን ይገባል። ጠለቅ ሲል መምጠጥ ይጀምራል። እስከ ታች ሲረገጥ አልትራሳውንዱ ይነሳል። እንግዲህ ያ ሁሉ የሚሆነው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ባላት ቦታ ውስጥ ነው። ከላይ ኮርኒያ፣ ማለትም ብርሃን የሚያሳልፈው የዓይን የፊት ሽፋን፣ አለ። በውስጠኛው ገጹ ላይ የተደረደሩት ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ከታች ደግሞ ሌንሱን እንደ ከረጢት የያዘው ካፕሱል አለ። የኋላው ግድግዳ ውፍረት ሚሊ ሜትር ለሺህ ተከፍሎ አራት እጅ ያህል ብቻ ነው። እግር ያለቦታው ጠለቅ ካለ ጫፉ ካፕሱሉን ይበሳዋል። ኮርኒያው አጠገብ ብዙ ከቆየ ደግሞ ኮርኒያው ይጎዳል።

ይህን ማሽን ያሰበው አሜሪካዊው ቻርልስ ኬልማን ነው። የኒው ዮርክ ሐኪም ነበር። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥርሱ በአልትራሳውንድ ሲጸዳለት ነው ሐሳቡ የመጣለት። በሰው ላይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀዶ ሕክምናዎች ሰዓታት የፈጁ ነበሩ። ብዙ ባልደረቦቹ ለዓመታት ተቃውመውታል። ዛሬ በሀብታም አገሮች ዋናው መንገድ እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ዌት ላብ

ዌት ላብ የሚባለው በእንስሳት ዓይን የሚለማመዱበት ክፍል ነው። የፍየል ዓይን በሳህን ተደርድሮ ጠበቀን። ጠዋት ከልኳንዳ የመጣ ነው። እያንዳንዱ ዓይን ከመያዣው ላይ ይታሰራል፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል፣ እውነተኛው ማሽን ይቀጠላል። የፍየል ሌንስ በጣም ለስላሳ ስለሆነ አንዳንዱን በሙቀት አደንድነውታል። ጫፉ የሚታገለው ነገር እንዲያገኝ።

የመጀመሪያው ሰዓት መቁረጥ የለም። ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ፔዳሉን አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት ማለት ብቻ ነው። ማሽኑ በየእርከኑ ድምፁን ይለውጣል። ማዳም ዓይኗን ጨፍና ድምፁን እየሰማች የማን እግር የት እንዳለ ትናገራለች። ለካ ልምድ ያለው ሐኪም ቫኪዩሙን፣ የማሽኑን የመምጠጥ ኃይል፣ በጆሮው ነው የሚከታተለው።

አብሮን ከኬንያ የመጣ ሐኪም አለ። ዝምተኛ ነው፤ ሲናገር ግን ቁም ነገር ነው። ምሳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለታተመ አንድ ጥናት አነሳልን። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያና ከዚምባብዌ የመጡ ሠልጣኝ የዓይን ሐኪሞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በእጅ የሚሠራውን ዘዴ በሰው ሠራሽ ዓይን ላይ ለአምስት ቀን በጥብቅ ተለማመዱ። ሌሎቹ የተለመደውን ሥልጠና ቀጠሉ። ከዓመት በኋላ ታካሚ ላይ የሠሩት ሲታይ፣ የኋላ ካፕሱል መቀደድ በተለማመዱት ዘንድ 7.8 ከመቶ ነበር። በሌሎቹ ዘንድ 26.6 ከመቶ።

ምግቤን አቁሜ አሰብኩ። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያሉት ሰዎች ናቸው። አንድ ገበሬ፣ አንዲት እናት፣ ዓይኗን አምና የሰጠች። አምስት ቀን ሙሉ ፕላስቲክ ላይ የሚለማመድ ሐኪም ለዚያች እናት ትልቅ ነገር አደረገላት ማለት ነው። እኛ አገር አብዛኛው ሐኪም ከመጽሐፍና ከማየት በቀጥታ ወደ ታካሚ ዓይን ነው የተሻገረው። በተለይ ከዋና ከተማ ራቅ ሲባል ልምምድ ክፍል የሚባል ነገር ብርቅ ነው።

ሐሙስ

የዛሬው ትምህርት ካፕሱል መቅደድ ነው። ሙያተኞቹ ሬክሲስ እንለዋለን። የሌንሱ ፊት ላይ ያለው ስስ ቆዳ በክብ ይቀደዳል፤ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል። በእጅ ስንሠራ ክቡ ትንሽ ቢዛነፍ ሌላ ዘዴ አለ፤ በመርፌ ነጥብ በነጥብ መክፈትም ይቻላል። ፋኮ ግን ይህን አይምርም። ክቡ ሙሉ ካልሆነ በቫኪዩሙና በውኃው ግፊት ቅዱ ወደ ኋላ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጭንቀት ነው።

ሙሉ ጠዋቱን የቲማቲም ልጣጭ ላይ ዋልን። ቀልድ አይደለም። የቲማቲም ልጣጭ በፒንሴት ጫፍ ይነሳና በክብ ይቀደዳል። ምስጢሩ ጉልበት አይደለም፤ የቀደድከውን ጠርዝ በየጊዜው ለቀህ እንደገና ከሥሩ አጠገብ መያዝ ነው። ከሩቅ የያዘ ሰው መንገዱን ያጣል። ባልደረባዬ፣ ከሦስታችን በዕድሜ ታናሿ፣ ከሁላችንም ፈጥና ገባት። ማዳም ሌሎቹን ሠልጣኞች ጠርታ የእሷን አሳየች። ኮራን።

ከሰዓት ስለ ነጭ ሞራ ተነጋገርን። እንደ እኛ አገር ታካሚ ሙሉ በሙሉ የነጣ ሌንስ ካፕሱሉ አይታይም። ስለዚህ ትራይፓን ብሉ በሚባል ሰማያዊ ቀለም ይቀባል። አንዳንዴ ሌንሱ ውስጡ አብጦ ግፊት ይይዛል። ገና መርፌ ሲነካው ካፕሱሉ ከጫፍ ጫፍ ይተረተራል። ሰማያዊ፣ መሐሉ ነጭ፣ እንደገና ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። የዓይን ሐኪሞች "የአርጀንቲና ባንዲራ" ይሉታል። መከላከያው አስቀድሞ በቀጭን መርፌ ውስጡ ያለውን ፈሳሽ ቀነስ ማድረግ ነው። ይህን ክፍል ሁለቴ አስደግመን ጻፍነው። ለእኛ አገር ሐኪም ይህ የየዕለት ጉዳይ ነው።

ዓርብ

ልምምድ። ቲማቲም፣ ፍየል፣ ፔዳል።

ጾም ላይ መሆናችን እዚህ አላስቸገረንም። ደቡብ ሕንድ ለጿሚ የተሠራ አገር ነው። ዶሳው ሊጡ እንደ እንጀራችን ቦክቶ ይጋገራል። ሳምባሩ ምስር አለው፣ ቅመም አለው። "ቅቤና እርጎ ይቅር" ማለት ብቻ ነው። ጠባቂው ምክንያቱን ስንነግረው እሱም በሳምንት አንድ ቀን እንደሚጾም ነገረን።

ቅዳሜ፣ አውሮላብ

ሌንስ የሚሠሩበትን ቦታ ለማየት ወጣን። ለእኔ ከጉዞው ሁሉ ያሰብኩበት ጉብኝት ይህ ነበር።

ሰው ሠራሽ ሌንስን የጀመረው እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ሽፋን ፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረ አብራሪዎችን ያክም ነበር። ስብርባሪው ዓይኑን እንዳላስቆጣው አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1949 ለንደን ውስጥ ከዚያ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ሌንስ በታካሚ ዓይን ውስጥ አኖረ። ሐሳቡ በዓለም ለመስፋፋት አሥርተ ዓመታት ፈጀበት። ሲስፋፋ ደግሞ ዋጋው የድሃ አገር ታካሚን አገለለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንድ ሌንስ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ያወጣ ነበር። ሞራው ወጥቶለት ሌንስ ያልተተካለት ሰው እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ያደርግ ነበር። ያ መነጽር ከተሰበረ ወይም ከጠፋ እንደገና ታወረ ማለት ነው።

አራቪንድ እ.ኤ.አ. በ1992 አውሮላብን አቋቋመና ሌንሱን ራሱ ማምረት ጀመረ። ዋጋው ከ10 ዶላር በታች ወረደ። በዚያው ሰሞን ኔፓል ውስጥ፣ በካትማንዱ ቲልጋንጋ፣ ዶክተር ሳንዱክ ሩይትና ባልደረቦቻቸው ተመሳሳይ መንገድ ጀመሩ። የጎረቤታችን የአስመራም የሌንስ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ በአውስትራሊያዊው የዓይን ሐኪም በፍሬድ ሆሎውስ ስም በተቋቋመው ድርጅት እርዳታ። ዛሬ የአውሮላብ ምርት ከ100 በላይ ወደሚሆኑ አገሮች ይሄዳል።

ሠራተኞቹ ከጭንቅላት እስከ እግር ተሸፍነዋል። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። አንዷ ሌንስ በማጉያ ሥር ታዞራለች፣ ትመለከታለች፣ ታሳልፋለች። የእጇን እርጋታ ቆሜ አየሁ። ቀዶ ሕክምና የምንለው ነገር የሚጀምረው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስሟን ማንም ታካሚ አያውቅም።

ማታ ወደ ሚናክሺ ቤተ መቅደስ ሄድን። 14 ግንቦች አሉት። ትልቁ 50 ሜትር ያልፋል። ሺህ ቀለም የተቀቡ ምስሎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረውበታል። በባዶ እግር ድንጋዩ ላይ ስንዞር ቀኑን ሙሉ ፔዳል የረገጠ እግር አረፍ አለ።

እሑድ፣ የገጠር ካምፕ

ከከተማ ወጣ ባለ መንደር፣ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ። አገር ቤት "ዘመቻ" የምንለው ዓይነት ነው፣ ግን ልዩነት አለው። እኛ በዘመቻ ጊዜ ኦፕሬሽኑን ጭምር ተሸክመን እንሄዳለን። እነሱ ወደ መንደር የሚወስዱት ምርመራውን ብቻ ነው። ሞራ ያለበት ሰው እዚያው የደም ግፊቱ ተለክቶ፣ ስኳሩ ታይቶ፣ በዚያው ቀን በአውቶቡስ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። ቀዶ ሕክምናው፣ ምግቡ፣ ማደሪያው፣ መመለሻው ነፃ ነው።

ሁለቱንም አይቻለሁና አስተያየቴን ልናገር። የእኛ አገር መንገድና ርቀት የእኛን ዘመቻ ያስገድዳል፤ ያለ ዘመቻ ብዙ ሰው ጨለማ ውስጥ ይቀር ነበር። ዘመቻ ግን ሐኪም ለማሠልጠን አይመችም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ቀኑ አጭር ነው፣ ሁሉም ለማዳረስ ይሮጣል። መማር ቀስ ማለት ይፈልጋል።

አንዲት አሮጊት አውቶቡሱ ላይ ለመውጣት እምቢ አሉ። ልጃቸው ለመነ፣ ሲስተሯ ለመነች። ምክንያታቸው ላማቸው ነበረች፤ ማን ያልባታል? ጎረቤታቸው "እኔ አልባለሁ" አለች። ከዚያ ወጡ። የጎንደር ወይም የጅማ እናት ብትሆን ቃል በቃል ይህንኑ ትል ነበር።

ሰኞ

ዛሬ ታካሚ ነካን።

እዚህ የሚያስተምሩት ከመጨረሻው ነው። አሰልጣኟ ቀዶ ሕክምናውን እስከ መጨረሻው ደረጃ ታደርሳለች። ሠልጣኙ ገብቶ ሌንሱን ያስቀምጣል፣ ቁስሉ እንዲገጥም ጠርዙን በውኃ ያሳብጣል፣ ይወጣል። እሱን ሲችል አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል፦ የቀረውን ለስላሳ ክፍል መምጠጥ። ከዚያ ሌላ አንድ ወደ ኋላ። አስቸጋሪው፣ ሌንሱን ቦይ ሰርቶ መከፋፈል፣ የሚመጣው ሌላው ሁሉ እጅ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ጥበቡ ገባኝ። ሠልጣኙ በየቀኑ ያማረ ዓይን ጨርሶ ይወጣል፤ ታካሚው ደግሞ ለማንም ትምህርት ዋጋ አይከፍልም።

ማይክሮስኮፑ ሁለት መመልከቻ አለው። እኔ የማየውን ማዳም እኩል ታያለች። ታካሚው ነቅቶ ይሰማል፤ ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ "ወይኔ" ወይም "ተጠንቀቅ" የሚባል ቃል የለም። ማቆም ስትፈልግ "እግር አንድ" ትላለች። ያ ማለት ውኃው ይግባ፣ ሌላው ይቁም ማለት ነው። ቦታ ልቀቅ ማለት ስትፈልግ "አመሰግናለሁ፣ ዶክተር" ትላለች። ያኔ ያለ ክርክር ትነሳለህ። ከሃያ ዓመት በላይ ቀዶ ሕክምና የሠራ ሰው ይህን መቀበል ይከብደዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልከበደኝም። በዚያ ወንበር ላይ ዋናው ታካሚው መሆኑ በሁሉም ነገር ይታያል።

ሐሙስ

ሁለቱ የመካከል ቀናት ተመሳሳይ ነበሩ፤ መምጠጥ፣ መጨረስ፣ መመዝገብ። የዛሬው ግን ልዩ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያሉት እናት የእሑዷ ናቸው፤ ባለ ላሟ። ዓይናቸው ውስጥ ያለው ሌንስ ቡናማ ሆኗል፣ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ኮርኒያቸውም ደከም ያለ ነው። እኛ ፋኮ ለማየት ጓግተናል። ማዳም አየችውና ማሽኑን ወደ ጎን ገፋችው። "ለእሳቸው በእጅ" አለች። እንዲህ ያለውን ሌንስ በአልትራሳውንድ ለመስበር ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ዋጋውን የምትከፍለው ኮርኒያ ናት። መሿለኪያውን ከፍታ ሙሉ ሌንሱን አወጣችው። ከደቂቃዎች በኋላ አለቀ።

ከሥራ በኋላ በዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ተወያየን። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የኔፓሉ ጥናት ተነሳ። የሩይት ቡድን 108 ታካሚዎችን በፋኮና በእጅ በሚሠራው መካከል በዕጣ መድቦ አነጻጽሮ ነበር። ሁለቱም ጥሩ ውጤት ሰጡ። በእጅ የሚሠራው ግን ፈጥኖ አለቀ፣ ወጪውም በጣም አነሰ። ታናሿ ባልደረባችን "ታዲያ አገር ቤት ስንገባ ሰዉ ሁሉ ማሽን ማሽን ሲል ምን እንመልሳለን?" አለች። የኬንያው ሐኪም መለሰላት፦ "ሁለቱንም የሚችል ሐኪም ይመርጣል። አንዱን ብቻ የሚችል ታካሚውን ወደሚችለው ይጎትታል።"

እኔም አንድ ነገር ጨመርኩ። በአንድ የማውቀው ሆስፒታል የተለገሰ የፋኮ ማሽን ፕላስቲኩ ሳይነሳ መጋዘን ተቀምጧል። ቱቦውና ጫፉ አላቂ ዕቃ ነው፤ በየጊዜው ይገዛል፤ ያንን በበጀት የያዘ የለም። የሚጠግነው ባለሙያም አልሠለጠነም። ማሽኑን መስጠት ቀላሉ ክፍል ነው። ከእሱ በፊት ልምምድ ክፍሉ፣ ሁለት መመልከቻ ያለው ማይክሮስኮፕ፣ "አመሰግናለሁ፣ ዶክተር" ብሎ የሚያስነሳ አሰልጣኝ ያስፈልጋል። ማዱራይ ላይ ያየሁት ትልቁ ነገር ፋኮ አይደለም። የማስተማሪያው ሥርዓት ነው። እሱ ደግሞ አብዛኛው ርካሽ ነው።

የመጨረሻው ሳምንት

ቦይ መሥራት፣ ሌንሱን በአራት መክፈል፣ አንድ በአንድ መምጠጥ። ደረጃዎቹ ወደ ኋላ እየተመለሱ አንድ ቀን ሳይታሰብ ከመጀመሪያው ላይ ደረሱ። ሙሉውን ቀዶ ሕክምና ከጫፍ ጫፍ ሠራን፤ ሦስታችንም። ማዳም ከጎን ሆና ዝም ብላ አየችን። በእሷ ዘንድ ዝምታ ትልቅ ምስክር ወረቀት ነው። ስንሰነባበት የነገረችን አንድ ማሳሰቢያ ነው፦ ከሄዳችሁ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ለስላሳ ሌንስና ሰፊ ብሌን ያላቸውን ታካሚዎች ምረጡ፤ የሠራችሁትንም እያንዳንዱን መዝግቡ፣ መልካሙንም ያልሰመረውንም።

ዓርብ፣ ከጉዞ በፊት

ሻንጣ ከማሰሬ በፊት ወደ ሆስፒታላችን ደወልኩ። የኦፕሬሽን ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር አነሳች።

"ሲስተር፣ እንዴት ናችሁ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ዶክተር። እርስዎስ፣ ሙቀቱን ቻሉት?"

"ተለመደ። አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ያለው ባዶ ክፍል አለ አይደል? እሱን አስጠርጊልኝ። አሮጌውን ማይክሮስኮፕም እዚያ አስገቢው።"

"እሺ። ለምንድን ነው?"

"ልምምድ ክፍል እንከፍታለን። ሐኪሞቹም፣ ሪዚደንቶቹም ይለማመዱበታል። ደግሞ የፍየል ዓይን እንፈልጋለን።"

ትንሽ ዝም አለች። "ዶክተር፣ በዐቢይ ጾም? ልኳንዳው ሁሉ ዝግ ነው እኮ።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እሷ ግን መፍትሔው ነበራት። "መናኸሪያው ጀርባ የሙስሊም ልኳንዳ አለ። እሱ ይሠራል። ሐጂን አነጋግራቸዋለሁ።"

ከምሽቱ በፊት መልሳ ደወለች። ሐጂ ተስማምተዋል። ዓይኑን እስካሁን ይጥሉት ነበር፤ ገንዘብም አልፈልግም ብለዋል። የጠየቁት በሳምንት ስንት እንደምንፈልግ ብቻ ነው። ለጊዜው ሃያ አልኳት። በታረደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንዲደርሰን፣ በበረዶ ላይ እንዲያዝ፣ ኮርኒያው እንዳይደፈርስ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት መልእክተኛ እንልካለን። ቲማቲሙን እሷ ከጉሊት ታመጣለች።